የማክሰኞዋ እንግዳ

አሳየች ሰው መጠርጠር የጀመረችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ለዚያውም አንዲት ወረቀት ከመጣች ወዲህ። ከዚያ በፊት በከተማው ዳር ባለው በካራ ሠፈር እንደ እሷ በሯን ከፍታ የምትውል ሴት አልነበረችም። ወተት ሊገዛ የመጣ ሰው አረፍ ሳይል አይሄድም፤ ሆዱ ውስጥ ነገር ያለበት ሁሉ እሷ ጋ መጥቶ ይተነፍሳል። ከከምባታ ከባሏ ጋር የመጣችው ገና በኮረዳነቷ ነበር። ባሏ ኮተቤ በግንበኝነት ሠርቶ ሠርቶ፣ ኢሕአዴግ በገባ በሦስተኛው ዓመት ሳንባውን ታሞ ሞተ። የቀሯት ሁለት ላሞች፣ ከአስፋልቱ በታች ያለችው የጭቃ ቤት እና ሳምራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ።

ሳምራ አድጋ አሥረኛ ክፍል እንደ ጨረሰች፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ወንድይራድ በሚባል የሠፈር ደላላ በኩል ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች። ሁለት ዓመት ሠራች። በ1998 ሐምሌ እዚያ አገር ጦርነት ተነሣና ድምፅዋ ጠፋ። አሳየች ክረምቱን በሙሉ ጎረቤቷ ዓለም ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቆማ፣ ከሚሸሸው ሰው መሃል የልጇን ፊት ስትፈልግ ከረመች። ጳጉሜን ላይ ያቺ ወረቀት ከቆንስላ መጣች። አጭር ነበረች። ሳምራ ከአራተኛ ፎቅ «ራሷን ወርውራ» እንደ ሞተች፣ እዚያው እንደ ተቀበረች ትናገራለች፤ ሌላ የለም።

ልጅ መሞቱ አንድ ነገር ነው። «ራሷን» የምትለዋ ቃል ግን ሌላ ሞት ነበረች። ለልቅሶ የመጣው ሰው «እንዴት ሞተች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚመልስለት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አሳየች ያንን ዝቅታ ከጓዳ ሆና ትሰማዋለች። እድርተኛው ድንኳን ሊተክል ቢመጣ «ድንኳን አልፈልግም» ብላ መለሰችው። የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ፣ ፋኑኤል፣ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ጸለየ፣ «በእግዚአብሔር ምሕረት እንታመን» አለ። ጥሩ ጸሎት ነበር። ነገር ግን አሳየች ዓይኗን ጨፍና አንድ ነገር ስትጠብቅ ነበር፤ ወንጌላዊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሳምራን ስም አልጠራም።

«ያውቃል» አለች በሆዷ። «ልጄ ከምሕረቱ ውጭ መሆኗን ያውቃል፤ ለእኔ መናገር አፍሮ ነው።»

ከዚያ በኋላ በሯ ተዘጋ። ወተት የሚገዛው ሰው ጆጉን በበሩ ክፍተት አቀብሎ ይቀበላል። ያቺ ሴት ሰላምታ ስትሰጠኝ ፊቷን ለምን አዞረች፣ ስገባ ወሬያቸውን ለምን አቆሙ፣ ይኼ ሰውዬ ዛሬ አንድ ሊትር የጨመረው ምን ሊሰማ ነው ትላለች። ወንድይራድን ቀበሌ ከስሳው ስለነበር እሱም ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከደጅ መለሰቻቸው። ማንንም ሳታምን፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይም መጠራጠር ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን መሄዱን አልተወችም፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ «እግዚአብሔር ሩኅሩኅ ነው» ሲባል ትሰማና፣ ለማን ነው? ብላ ትጠይቃለች። የማን እናት በር ላይ ሲደርስ ነው የሚያቆመው? ከወረቀቷ ወዲህ አንዲት እንባ አልወጣትም።

በ1999 ጥር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ቀጭን፣ ሻሽ ያሰረች፣ ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች።

«እትዬ አሳየች እርስዎ ነዎት?»

«ምን ፈለግሽ?»

«ዲንቄ እባላለሁ። ቤይሩት ከሳምራ ጋር ነበርኩ።»

አሳየች በሩን አልዘጋችም፤ አልከፈተችምም። ልጅቷን ከእግር እስከ ራስዋ አየቻት። «ቤቱን ማን አሳየሽ?»

«እሷ ናት የነገረችኝ። ካራ፣ ከአስፋልቱ በታች፣ ላሞች ያሏት ብትዪ ማንም ያሳይሻል ብላኝ ነበር።»

«መቼ ነው ከዚያ የመጣሽው?»

«ነሐሴ።»

«ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት…» አሳየች በጣቷ ቆጠረች። «አምስት ወር ሙሉ የት ነበርሽ?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ላሞቹ አዞረች። አሳየች ወደ ውስጥ ያስገባቻት አምናት ሳይሆን፣ የወንድይራድ መልእክተኛ ከሆነች በአንደበቷ ልትይዛት ነው። በርጩማ ሰጥታት ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ልጄ ሰውነቷ ላይ ምን ምልክት ነበራት?»

«ግራ ክንዷ ላይ የእሳት ጠባሳ።»

ይኼን ደላላውም ያውቀዋል፤ ለጉዞዋ ፎቶ ያስነሣት እሱ ነው። አሳየች ሌላ አሰበች። «መዝሙር ስትዘምርስ?»

ዲንቄ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «ዜማው ይጠፋባታል። ሲጠፋባት ግን ዝም በማለት ፈንታ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።»

ይኼን ደላላ አያውቀውም። ወዲያው ደግሞ ጥርጣሬዋ ባሰ፤ ይህን ያህል አጥንታ የመጣች ሰው የያዘችው ነገር ቢኖር ነው።

ዲንቄ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች። ሁለቱ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ፎቅ፣ በተለያየ ቤት ተቀጥረው ነበር። የሁለቱም ኩሽና መስኮት ወደ አንድ ጠባብ የአየር መግቢያ ስለሚከፈት ዕቃ እያጠቡ ያወራሉ። ጦርነቱ ሲነሣ አሠሪዎቻቸው በመኪና ሸሹ፤ ሠራተኞቹን ቆልፈውባቸው። «ሳምራ ራሷን አላጠፋችም» አለች። «አንሶላ አያይዛ በበረንዳ ልትወርድ ስትል ነው የወደቀችው።»

«ወረቀቱ እንዲያ አይልም።»

«ወረቀቱን የጻፈው ሰው እዚያ አልነበረም፣ እትዬ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

ልጅቷ እጇን ጨብጣ ፈታች። «ማዶ» አለች ቀስ ብላ፤ ተነሥታም ሻሽዋን አጠበቀች። አሳየች ያንን አየች። የሚደብቅ ሰው ምን እንደሚመስል እያወቀች ነው አራት ወር የኖረችው። ይቺ ልጅ የደበቀችው ነገር አለ።

ዲንቄ በሚቀጥለው ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። በሚቀጥለውም። ሳትጠየቅ በረት ታጸዳለች፣ ለላሞቹ ፉርሽካ ትበጠብጣለች፤ ምሳ ሲቀርብላት «በልቻለሁ» ትላለች። አሳየች አንድ ቀን ፊቷ ቆማ «ማን ነው የላከሽ?» አለቻት።

«ማንም አልላከኝም።»

«ሰው ያለ ምክንያት እበት አይዝቅም።»

«ምክንያትማ አለኝ» አለች ዲንቄ፤ አካፋውን ይዛ ፊቷን ወደ ላሞቹ አዞረች። አሳየች ጠበቀች፤ ምክንያቱ ግን አልተነገራትም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ጎረቤቷ ዓለም ወተት ልትወስድ መጥታ፣ «ያቺ ልጅ ቤቷ የት ነው አልሽኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ፈረንሳይ ሠፈር፤ አጎቷ ጋ።»

«እንግዲያ ኮተቤ ወርዳ ወደ ጫካ ምን ይወስዳታል? ሁለት ማክሰኞ አየኋት። ከታክሲ ትወርድና በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ ነው። ደግሞ ግራ ቀኝ እያየች ነው የምትሄደው። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ነገርኩሽ።»

አሳየች ያንን ሳምንት ስትፈትል ስታደውር ሰነበተች። ጫካ ውስጥ የሚቀበላት አለ ማለት ነው። ወንድይራድ ይሆናል፤ የክሱን ነገር፣ የሰማችውን ሁሉ ወስዳ ታቀብለዋለች። ማክሰኞ ሲደርስ ዲንቄን በረት ትታ፣ «ወተት ላደርስ ነው፤ ስትጨርሺ በሩን ገጥመሽ ሂጂ» አለቻትና ቀድማ ኮተቤ ወረደች። ከአቀበቱ ሥር ካለች አንዲት ሱቅ ጥግ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆመች።

ዲንቄ ከሰዓት ስምንት ገደማ ከታክሲ ወረደች። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያም ከእንጦጦ ጋር ተያይዞ በሚሄደው ተራራ ሽቅብ ገባች። አሳየች ተከተለቻት። መንገዱ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ የደረቀው ቅጠል ያንሸራትታል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ሲወርዱ አንደኛዋ «ወደ ጸሎቱ ነው?» ብላ ጠየቀቻት፤ አሳየች አልመለሰችም። ትንፋሽዋ ሲያጥር ዛፍ እየያዘች፣ የዲንቄን ሻሽ ከዓይኗ ሳትለቅ ወጣች።

ልጅቷ ድንጋይ የበዛበት ገላጣ ቦታ ላይ ቆመች። አሳየች አራት አምስት ዛፍ ሲቀራት ተደበቀችና የሚመጣውን ሰው ጠበቀች። ማንም አልመጣም። ዲንቄ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ድንጋይ ላይ ደፋች፣ ጮክ ብላ መናገር ጀመረች።

የምትናገረው በኦሮምኛ ነበር። አሳየች ሃያ ዓመት ሙሉ የላሞቿን ድርቆሽ የምትገዛው ከካራ ማዶ ካሉት የኦሮሞ ገበሬዎች ነው፤ እንደ አማርኛው ትሰማዋለች። ዲንቄ ይህን አታውቅም። በሁለቱ መካከል በኦሮምኛ አንድ ቃል ተነግሮ አያውቅም።

«ያ ጎፍታ» አለች ልጅቷ፣ ጌታ ሆይ ማለቷ ነው። «ዛሬም ሳልነግራት መጣሁ። አፌን ከፈትኩና ላሞቹን አየኋቸው። ሦስት ቀን ውሃ ሲጠፋብኝ፣ ሳምራ በመወልወያው እንጨት ጫፍ ላይ ውሃና ዳቦ በፌስታል አስራ በመስኮት ስታቀብለኝ አንተ አይተሃል። ከሁለት ዳቦ አንዱን ሰጥታኝ፣ እኔ ጠግቤአለሁ ስትል አይተሃል። ቦምቡ ሲቀርብ ያንን የተሰበረ ዜማዋን ስትዘምር፣ እኔም ሳልፈልግ ስስቅ፣ እሷም ስትስቅ ሰምተሃል። ለእናቷ ስትጸልይ ሰምተሃል፤ ጥቁሯ ላም ክረምቱን ትቻለው ስትልህ። ውረጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ፈርታ ነበር። አንሶላው አይችለኝም ብላ ነበር። ውረጂ፣ ወርደሽ በሩን ታስከፍቺልኛለሽ አልኳት። ለራሴ ብዬ ነው ያልኳት። ለእናቷ ይኼን እንዴት ልንገራት?»

ልጅቷ ግንባሯን ከድንጋዩ ሳታነሣ ታለቅስ ነበር።

አሳየች ዛፉን እንደያዘች ቀረች። መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ ነው። የደበቀችው ይኼ ነው። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ግን ከቁጣው ሥር ሌላ ነገር እየገፋ መጣ፤ ሳምራ ስቃ ነበር። ልጇ በዚያ በተቆለፈ ቤት ዳቦ አካፍላ፣ ዘምራ፣ ስለ ጥቁሯ ላም ጸልያ ነበር። ይህን ለአሳየች ብሎ የፈጠረው ሰው የለም፤ ዲንቄ ማንም ይሰማኛል ሳትል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ ለእግዚአብሔር ነው የተናገረችው።

እግሯ ቅጠል ረገጠ። ዲንቄ ዞር ስትል አየቻት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ…»

«ሰምቻለሁ» አለች አሳየች በኦሮምኛ።

ዲንቄ ልትነሣ ድንጋዩን ያዘች። አሳየች አልደገፈቻትም። ዞራ ቁልቁል ወረደች፤ ታክሲም አልያዘችም፣ ከኮተቤ እስከ ካራ በእግሯ ሄደች።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ዲንቄ አልመጣችም። አሳየች «ደግ አደረገች» አለች። ጠዋት ሙሉ ግን ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። በረቱን ራሷ ጠረገች። ከዚያም ጥቁሯን ላም ልታልብ ተቀምጣ፣ የመጀመሪያው ወተት ባልዲው ውስጥ ፏ ሲል፣ እጇ ቆመ።

ለማንም ያልተናገረችው ነገር ትዝ አላት። ወንድይራድ ሰውን በየቤቱ ሲያግባባ ሳምራ መሄድ አልፈለገችም ነበር። በሩ ጋ ቆማ «እማዬ፣ ፈራሁ» ብላታለች። «ሂጂ» ያለቻት አሳየች ናት። «የሰው ልጅ ሁሉ እየሄደ አይደል እንዴ? ሂጂና እኔም እንደ ሰው ልኑር።» ደላላውን ቀበሌ ድረስ የከሰሰችው፣ የጎረቤቱን ዓይን ሁሉ የመረመረችው፣ አንድ ሰው መጥቶ ይህን እንዳይናገራት ፈርታ ኖሯል። ራሷን ስትሸሽ ነው ሁሉን የጠረጠረችው።

ግንባሯን የላሟ ሆድ ላይ ደገፈች። «ውረጂ ያለችውን ካልማርካት» አለች፤ ከወረቀቷ ወዲህ ወደ ላይ ቃል ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ «ሂጂ ያልኩትንም አትምረኝ። እሷን ከማርካት ግን…» ልትጨርሰው አልቻለችም። እንባዋ መጣ። ስድስት ወር የታሰረ እንባ ነበርና ቶሎ አልቆመም፤ ላሟም ዝም ብላ ቆመችላት። አሳየች ኋላ ለዓለም ስትነግራት፣ ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም አለች። አንድ ነገር ብቻ ገባት፤ በዚያ መስኮት ከሁለቱ ልጆች ጋር የነበረው ጌታ አሁን በረቱ ውስጥ ከእሷ ጋር ነበር፤ «ራሷን» የምትለዋ ቃልም እሱን አላስቆመችውም።

በማግሥቱ ፈረንሳይ ሠፈር ሄደች። ከነቀምት የመጣች፣ ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ እያለች ስትጠይቅ ቆይታ፣ ኢዶሳ ከሚባሉት አናጺ አጎቷ ቤት አደረሷት። ዲንቄ ግቢ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር። ስታያት ከሣፋው ላይ እጇን አንሥታ ቆመች።

«ትናንት ማክሰኞ ነበር» አለች አሳየች።

«እንዳልመጣ የሚፈልጉ መስሎኝ ነው።»

«ማን እንዳትመጪ አለሽ?»

ዲንቄ አቀረቀረች። አሳየች ቀረብ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «ስሚኝ። ሳምራን ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። አልፈልግም ብላኝ ነበር።»

ልጅቷ ቀና አለች።

«አንቺ ውረጂ አልሽ፤ እኔ ሂጂ አልኩ። ሁለታችንም ጥይት አልተኮስንም፤ ቁልፍም አልያዝንም። ግን ሁለታችንም ብለናል። ጫካ ለጫካ ብቻሽን አትሂጂ።»

ዲንቄ በእርጥብ እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። አሳየች ልጅቷን ሳብ አድርጋ ጉያዋ አስገባቻት። ቆይተው አብረው ጸለዩ፤ አንደኛዋ በኦሮምኛ፣ አንደኛዋ በአማርኛ፣ እየተቋረጡ።

ዲንቄ ከዚያ በኋላ ወንጌላዊ ፋኑኤል ፊት ቀርባ ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ወንጌላዊው ሰምቶ ሲያበቃ ወደ አሳየች ዞረ።

«እህት አሳየች፣ ያን ቀን ስሟን ሳልጠራ ቀረሁ» አለ። «ስሟን ብጠራ ይበልጥ ያምሻል ብዬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ከልክሎህ መስሎኝ ነበር።»

«ይቅር በይኝ።»

«ጥሪውና ይቅር እልሃለሁ» አለችው።

የወንድይራድ ክስ ቀበሌ ውስጥ ተንከባሎ ተንከባሎ የት እንደ ገባ ጠፋ። የወረቀቷም ቃል አልተለወጠም፤ አሳየች ሁለት ቢሮ ተመላልሳ «የተጻፈው ተጽፏል» ተብላ ተመለሰች። ጥርጣሬዋም እንደ በሽታ ነበርና በአንድ ቀን አልለቀቃትም። ዲንቄ ወደ እሷ ቤት ጠቅልላ ከገባች በኋላ እንኳ፣ ልጅቷ ስትዘገይ «የት ዋለች?» የሚል የድሮው ትል ይነሣባታል። ያኔ አፍ አውጥታ ትጠይቃታለች፤ ዲንቄም ትነግራታለች።

በ1999 ሐምሌ፣ ሳምራ ከሞተች ዓመት ሲሞላት፣ አሳየች ራሷ እድሩ ጋ ሄዳ ድንኳን ጠየቀች። የእድሩ ዳኛ «ከዓመት በኋላ?» ቢላት «አዎ፣ አሁን ነው የደረስኩት» አለችው። ዝናብ እየጣለ ድንኳኑ ከበረቱ ጎን ተተከለ። ካራም ኮተቤም መጣ፤ ጆጉን በበር ክፍተት ሲያቀብል የነበረው ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ። ወንጌላዊ ፋኑኤል ተነሥቶ ሳምራ ብሎ ጀመረ፣ ሳምራ እያለ ጨረሰ። ከዚያ መዘምራኑ ሲዘምሩ አሳየችም ከሴቶቹ መሃል ተነሣች፤ ዜማው ግን ለእናትየዋም የማይሆንላት ኖሯል።